እየሳሳ

በዴባ ሸለቆ፣ ከወርክሾፓችን ጀርባ፣
ፎርማዎቹ ዝናብ ላይ ተኝተዋል፤
አንዱ ሦስት ቶን፣ አንዱ አምስት፣
የምድጃ በር፣ የብስክሌት ጭቃ መከላከያ፣ የልብስ ማጠቢያ ጎን፣
አንዲትን ቃል መቶ ሺህ ጊዜ ያሉ፣
ሌላ ቃል ማለት የማይችሉ።
ሲሪሚሪ ይወርድባቸዋል፤
እዚህ ካፊያን እንዲህ ይሏታል፣
ስሟ ራሱ ያካፋል።

ማክሰኞ የተራራው ባቡር ማኅበር ሰዎች መጡ፤
ስድስት ጡረተኞችና አንዲት ገንዘብ ያዥ።
«ድንጋይ ወርዶባት ግንባሯ ደቀቀ፤
አሮጌ ናት፣ የሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ ቆየ፤
አንድ ግንባር ሥሩልን» አሉ። «አንድ ብቻ።»

አጎቴ ኤውሎሂዮ ሳቀ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ፕሬስ ሥር የቆመው፣
እጅ ሳይሰጥ ሁለት ጣት የሰጠው፤
«ለአንድ ግንባር ማን ፎርማ ይቀርጻል?
ለአንዲት ጸሎት ካቴድራል ይሠራል?»

እኔ ግን ፎርማ አልፈልግም።
አራት ማዕዘን ክፈፍ፣ ዳር ዳሩን በብሎን የተነከሰ ላሜራ፣
ከሥሩ አየር፣
ከላዩ ጫፏ እንደ ሽንብራ የደበለበለ በትር፤
በቃ።
ሥዕል እንኳ አልነበራትም፤
መሰላል ላይ ወጥቼ ያልደቀቀውን ጎኗን ለካሁ፣
በመስታወት እንደሚያይ ገልብጬ የጠፋውን ገመትሁ፣
ኮምፒውተሩ ላይ ጠመዝማዛ መንገድ ዘረጋሁ፣
ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል፣
ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ባቡር ጣቢያው ደርሶ መልስ።

በትሯ አትቆርጥም፣ አትቀጠቅጥም፤
ነክታ ትገፋለች፣ እየገፋች ትዞራለች፣
ዙሯን ስትዘጋ ሩብ ሚሊ ትወርዳለች፣
ደግሞ ትዞራለች።
ዘይቱ ላይ ዱካዋ ያበራል፣
ሌሊቱን ቀንድ አውጣ የሄደችበት ግድግዳ ይመስላል።
ፕሬስ አንዴ ጮኾ ይጨርሳል፤
ይቺ ታንሾካሽካለች፣
ቀኑን ሙሉ፣ እስክትታመን።

ሕጉ ግን ጨካኝ ነው፤ ብረት ከውጭ አይመጣም፣
የጎደጎደው ሁሉ ከራሱ ነው የሚወጣ።
ቁልቁለቱ ሲበረታ ግድግዳው ይሳሳል፤
ይሳሳል፤
አንጀቱ አልችል ሲል ይበጠሳል።

ሐሙስ ማታ፣ ሦስት መቶ አሥረኛው ዙር ላይ፣
በመብራቷ ጉድጓድ ጠርዝ፣
ጠቅ።
ከሥር የአምፖሉ ብርሃን በቀጭኑ ገባ።
ማሽኑ አልሰማም፤ የተቀደደውን እየዞረ መግፋቱን ቀጠለ፣
እስካጠፋው ድረስ።

አጎቴ ቆቡን አራግፎ ገባ።
ቀዳዳውን በሦስት ጣቱ ዳሰሰው፣ እንደ ሐኪም ሳይሆን
እንደ ጨርቅ ገዢ፣ በጣቶቹ መሐል እያሻሸ።
«ናጎሬ፣ ገደሉን ባንዴ ጠየቅሽው» አለ፤
«መጀመሪያ ሳህን ይሁን። ቀጥሎ ጎድጓዳ።
ግድግዳው መጨረሻ ይቆማል።
ዳሩ ደሃ ነው፣ ሲሳሳ አየሽው፤
መሐሉ ገና አልተነካም፣
ከሀብታሙ ተበደሪ።»
ፕሬስ እንዲህ አያስተምርም፤ ከየት አመጣው?
አልጠየቅሁም።

ዓርብን ሦስት ጊዜ ሄድንበት፤
ሳህን፣ ጎድጓዳ፣ ግድግዳ።
ከብሎኑ ስፈታው ሁለት ሚሊ ወደ ኋላ ተመለሰ፤
ላሜራ ቂመኛ ነው፣ ዝርግነቱን አይረሳም፤
በሚቀጥለው እኔም ሁለት ሚሊ አብልጬ ዋሸሁት፣
እውነቱ ላይ መጥቶ ቆመ።

ቅዳሜ ባቡሯ ግንባሯን አገኘች።
ገንዘብ ያዧ በጥፍሯ አንኳኳችው።
«ስስ አይደለም እንዴ?»
«ስስ ነው» አለ አጎቴ፣
«ሳስተንለት ነው።»
«ሌላ ቢያስፈልገንስ? ፎርማው የታል?»
ከኪሴ ፍላሽ አውጥቼ አሳየኋት፣
የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል።
አገላብጣ አየቻት፣ አላመነችም፣ መለሰችልኝ።

አጎቴ ይኼኔ ጓሮ ወጥቶ ነበር።
የልብስ ማጠቢያው ፎርማ ውሃ አቁሯል፣
ድንቢጥ ገብታበት ትራገፋለች።
«ነይ እይው» አለኝ በሹክሹክታ፤
«ዕድሜውን ሁሉ የማጠቢያ ጎን ሲወልድ ኖሮ፣
ራሱ ሲያጥብ ያየሁት ዛሬ ገና።»